የእኩል አራሹ አሥራ ሁለተኛ ልጅ

«ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ምን ሊበላ ነው?»

ይህ የክፉ ወላጅ ጥያቄ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ለልጁ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከገጠር ስንቅ እየላከ የሚያስተምር አባት እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ የሚወቅሰው ሊኖር አይገባም። ማሾው በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ኪራዩ ይከፈላል፤ ሽንኩርቱ ገበያ ላይ ሲረክስ ደግሞ ብድር ይገባል። በዚህ ዓይነት ኑሮ የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ሌላው ቢቀር የሒሳብ ሠራተኛ እንዲሆን ይጠበቃል። ልጁ ስልክ ደውሎ «ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው የደረሰኝ» ሲል ቤቱ ጭር ይላል። እናት ቀድማ «ምን ቸገረ፣ ዋናው መግባቱ ነው» ብላ ታጽናናለች። አባት ግን ለጎረቤት ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ያስባል።

መንግሥትም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ከዚህ አባት የተለየ ሐሳብ አልነበረውም። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚለውን መመሪያ የዛሬ ወላጆች ያስታውሱታል። ሥነ ጽሑፍ በዚያች 30 ውስጥ ከሕግ፣ ከኢኮኖሚክስና ከሒሳብ መዝገብ አያያዝ ጋር እየተጋፋ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ያልደረሰው የሚመደብበት ክፍል ሆኖ ከረመ። አሁን ደግሞ በሩ ራሱ ጠብቧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይፋትን በመሰለ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት በተፈራረቀበት አካባቢ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ውሎ መመለሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ተጨንቆ ያለፈ ልጅ «ግጥምና ልብ ወለድ አጠናለሁ» ሲል ቤተሰብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ዛሬ ግጥም አጥንታ የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆነችን አንዲት ሴት እንተዋወቃለን። ሴትየዋ የአሜሪካ ሰው ናት። ታሪኳን ስታነቡት ግን ከጣርማ በር ወዲህ ያለ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ኑሮ ታገኙበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ጥጥና እኩል

ሩት ሲሞንስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1945 በቴክሳስ ግዛት ግሬፕላንድ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደች። የአባትና የእናቷ ስም አይዛክ እና ፋኒ ስተብልፊልድ ይባላል። ለቤቱ አሥራ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች። ቅድመ አያቶቿ በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

ወላጆቿ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ነበሩ። ይህን ለእኛ አያቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ በፊት ጭሰኝነትን ያየ፣ እኩል ወይም ሲሶ አርሶ ከአውድማው ላይ የባለ መሬቱን ድርሻ የሰፈረ ሰው የቴክሳሱንም ኑሮ ወዲያው ይረዳዋል። ልዩነቱ እዚያ የሚታረሰው በአብዛኛው ጥጥ መሆኑ ነው። ጥጥ ለይፋት ቆላም ባዳ አይደለም፤ የአርጎባ ሸማኔዎች ሙያ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። በቴክሳስ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ወርደው ጥጥ ይለቅማሉ። የመኸር ሥራ ሲበዛ ትምህርት ይቀራል። ዘሩ፣ መሣሪያው፣ የወሩ አስቤዛ በዱቤ ይወሰድና ዓመቱ ሲያልቅ ከእኩሌታው ላይ ይቆረጣል። አንዳንዴ ተቆርጦ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ሩት ትምህርት ቤት ስትገባ ያየችውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ስታነሣው ኖራለች። ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ጠባብ ቤት ለለመደች ልጅ፣ ክፍሉ ብርሃን ያለበት፣ ዕቃው በቦታው የተቀመጠ፣ ለእርሷ የሚሆን መቀመጫ ያለው ነበር። መምህርቷ አይዳ ሜ ሄንደርሰን ይባላሉ። ልጆቹን በደስታ የሚቀበሉ፣ የሚያበረታቱ ሴት ነበሩ። ሩት ከዚያ በፊት ማንም ትልቅ ሰው እንደዚያ ደስ ብሎት ሲያናግራት አላየችም። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ለእርሷ ከቤት የሚሻል ቦታ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የገጠር አንደኛ ክፍል መምህርት በደመወዝም በክብርም ከመጨረሻው ተርታ የሚሰለፉ ናቸው፤ በእኛም አገር እንደዚያው ነው። የዚህች ሴት ታሪክ ግን በተነገረ ቁጥር ከሚጠሩት ሰዎች የመጀመሪያዋ እኚያ መምህርት ናቸው።

የእናት ካውያ

ሩት ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት ቤተሰቡ እርሻውን ትቶ ወደ ሂውስተን ከተማ ፈለሰ። የገቡት ፊፍዝ ዋርድ የሚባል የድሃ ጥቁሮች ሠፈር ነው። አባት ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በኋላም ሰባኪ ሆኑ። እናት የሰው ቤት እያጸዱና ልብስ እየተኮሱ ቤቱን ደገፉ።

ሩት ስለ እናቷ ስትናገር ደጋግማ የምታነሣው ስለ ካውያ ነው። ትንሽ ሳለች እናቷ ሥራ ቦታ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ቁጭ ብላ ስታይ፣ እናቷ የሌላ ሰው ሸሚዝ ተኩሰው እንደገና ያዩታል፤ ስፌቱ ጋር ጨምዳዳ ከቀረ መልሰው ይተኩሱታል። ማንም አያመሰግናቸውም፤ ክፍያውም ያው ነው። እናቷ ግን ሥራውን ለራሳቸው ክብር ብለው አጥርተው ይሠሩ ነበር። ሩት ትልቅ ኃላፊነት ላይ ከደረሰች በኋላ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የተማረችው ከዚያ ካውያ ሥር እንደሆነ ተናግራለች። ትምህርት ባይኖረንም ለልጆቻችን ምን እናስተምራለን ብለው ለሚጨነቁ ወላጆች ይህን ማስነበብ ያስደስተኛል።

እናት ግን ብዙ አልቆዩም፤ ሩት አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ሞቱ።

እናቷ የሞተችባት የአሥራ አምስት ዓመት የድሃ ልጅ ምን ልትሆን እንደምትችል ይፋት ውስጥ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ወይ ትዳራለች፣ ወይ ሰው ቤት ትገባለች። በእኛ ዘመን ደግሞ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድበት ደላላ ይፈለግላታል። ሩትን ከዚህ ያዳኗት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ታላላቅ ወንድምና እህቶቿ ናቸው፤ እነርሱ ያላገኙትን ትምህርት ትንሿ እንድታገኝ ተረዳዱ። ሁለተኛው መምህራኖቿ ናቸው።

የተማረችበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊሊስ ዊትሊ ይባላል። ስሙ የተሰጠው በልጅነቷ ከአፍሪካ ተወስዳ አሜሪካ ውስጥ በባርነት ለኖረች፣ በ1773 የግጥም መጽሐፍ ላሳተመች ሴት መታሰቢያ ነው። እዚያ የድራማ መምህርት የነበሩት ቨርኔል ሊሊ ይህችን ጸጥ ያለች ልጅ ለይተው አዩዋት። መድረክ ላይ አወጧት፤ ንግግር አስተማሯት፤ ኮሌጅ መግባት እንዳለባት ነገሯት፤ ነፃ የትምህርት ዕድል እንድታገኝም ረዷት። ኮሌጅ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ የምትለብሰው አልነበራትም። መምህራኗ ከየቁም ሣጥናቸው ኮትና ቀሚስ አውጥተው ሰጧት። ሩት ሲሞንስ ኒው ኦርሊንስ የገባችው የመምህራኗን ልብስ ለብሳ ነው።

ማርቲኒክ የተባለች ደሴት ግጥም

በ1963 ዲላርድ የተባለ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለማጥናት የመረጠችውም ፈረንሳይኛን ነው። የጥጥ ለቃሚ ልጅ ፈረንሳይኛ! ያን ጊዜ ሂውስተን ውስጥ ያለ ዘመድ ሁሉ «ለምኑ ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም።

በሦስተኛ ዓመቷ ዌልስሊ በተባለ፣ ባለጸጋ ነጮች ልጆቻቸውን በሚልኩበት የሴቶች ኮሌጅ ለአንድ ዓመት የመማር ዕድል አገኘች። እዚያ የፈረንሳይኛ ክፍሉ ከበዳት። መምህሩ የሚለው አይገባትም፤ ጓደኞቿ ግን ፓሪስ ሲመላለሱ ያደጉ ናቸው። ትምህርቱን ልትተወው አሰበች። እንድትቆይና ቀስ በቀስ እንደሚገባት ተነገራት፤ ቆየች፤ ገባት። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርባቸው የእኛ ልጆች ይህን ጭንቀት በደንብ ያውቁታል። ወላጅ በዚያ ዓመት ውጤት ሲወርድ «ልጄ ሰነፈ» ከማለቱ በፊት ክፍል ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ ይገባው እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ዌልስሊ ውስጥ ያየችው ሌላ ነገር ደግሞ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሴት መሆናቸውን ነው። ማርጋሬት ክላፕ ይባላሉ። ሩት ከዚያ በፊት ሴት እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ልትቀመጥ እንደምትችል አስባ አታውቅም ነበር።

በ1967 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ለአንድ ዓመት ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ ተማረች። ከዚያ ሃርቫርድ ገባችና በ1973 በሮማንስ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች። ከዚህ ወዲያ አንቱ ብንላቸው ያምርብናል።

የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ኤሜ ሴዜር ግጥም ነበር። ሴዜር ማርቲኒክ በምትባል የካሪቢያን ደሴት የተወለደ ጥቁር ባለቅኔ ነው። ከሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ጋር ሆኖ የጥቁር ሕዝብ ክብር በሥነ ጽሑፍ እንዲነሣ ያደረገ ሰው ነው። ሴንጎር ከ1960 እስከ 1980 የአገሩ ፕሬዚዳንት ነበር። ሴዜር ደግሞ የደሴቲቱን ዋና ከተማ ፎር ደ ፍራንስን ከሃምሳ ዓመት በላይ በከንቲባነት አስተዳድሯል። ግጥም የሚጽፍ እጅ የቆሻሻ ማንሻና የውኃ ቧንቧ በጀትም ሊፈርም እንደሚችል ሩት ሲሞንስ ገና በተማሪነታቸው ከእነዚህ ሰዎች ሕይወት አንብበዋል ማለት ነው።

በእኛስ አገር ቢሆን ይህ መቼ አዲስ ሆነ? ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ በፊት የደብር አለቃ የሚሆነው ማን ነበር? ቅኔ ዘርፎ፣ መጽሐፍ ተርጉሞ የወጣ ሊቅ እኮ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ይታወቁ እንጂ የቅኔ መምህርም የደብር አለቃም ነበሩ። በይፋት ቆላ ደግሞ ኪታብ ያቀራ፣ መንዙማ የሚያወርድ ሼህ፣ ደረሳዎቹን መግቦ፣ እንግዳ ተቀብሎ፣ የተጣላ አስታርቆ የሚያድር አስተዳዳሪ ነው። ቃል የሚያውቅ ሰው ሕዝብ ያስተዳድር ነበር። ሁለቱን የለያየናቸው በቅርቡ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ የትምህርት ባለሙያው ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ፣ የኢኮኖሚ ምሁሩ ዶክተር ዱሪ መሐመድ፣ መሐንዲሱ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራ፣ የፍልስፍና ሰው የሆኑት ፕሮፌሰር አንድርያስ እሸቴ ተቀምጠዋል። የግጥም ሰው እዚያ ወንበር ላይ ማሰብ ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

ቢሮ ውስጥ

ከ1973 በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፣ በምክትል ዲንነት ሠሩ፣ ሁለት ልጆች አሳደጉ። በ1980ዎቹ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ክፍልን በተጠባባቂነት መሩ። በኋላ በ1993 የኖቤል ሽልማት ያገኘችውን ደራሲ ቶኒ ሞሪሰንን ወደ ፕሪንስተን ካመጡት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ናቸው። በ1995 ስሚዝ የተባለው ስመ ጥር የሴቶች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት አደረጋቸው።

እዚያ ምን ሠሩ? የምህንድስና ትምህርት ከፈቱ። በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ የራሱን የምህንድስና ትምህርት ሲጀምር ስሚዝ የመጀመሪያው ነው። የፈረንሳይኛ ግጥም ያጠኑ ሴት ለሴት ልጆች የምህንድስና በር ከፈቱ። «ሥነ ጽሑፍ ወይስ ሳይንስ» እያልን ልጆቻችንን በሁለት ጎራ የምንከፍል ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ብናነበው አይጎዳንም።

በ2001 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጠራቸው። ብራውን፣ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ካሉበት አይቪ ሊግ ከሚባሉት ስምንት አንጋፋ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ ስምንት አንዱን በፕሬዚዳንትነት የመራ የመጀመሪያ ጥቁር ሰው ሩት ሲሞንስ ናቸው። እስከ 2012 ቆዩ።

ብዙ ሠርተዋል፤ ለወላጅ ይጠቅማል የምለውን አንዱን ልንገራችሁ። ከእርሳቸው በፊት ብራውን ተማሪ ሲቀበል ቤተሰቡ መክፈል ይችል እንደሆነ አብሮ ያይ ነበር። እርሳቸው ይህ እንዲቀር አደረጉ፤ አሜሪካዊ አመልካች በመጀመሪያ ዲግሪ ሲቀበሉ የቤተሰቡን ኪስ ሳያዩ እንዲወስኑ ሆነ። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። በ2004 ሲድኒ ፍራንክ የተባለ በመጠጥ ንግድ የከበረ ሽማግሌ ለድሃ ተማሪዎች የሚውል 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ይህ ሰው ወጣት ሳለ ብራውን ገብቶ አንድ ዓመት ተምሮ፣ ገንዘብ አልቆበት ያቋረጠ ነበር።

ሁሉም አጨብጭቦላቸዋል ማለት ግን አይደለም። ጎልድማን ሳክስ የተባለው ትልቅ የገንዘብ ተቋም የቦርድ አባል ሆነው ብዙ ገንዘብ ይከፈላቸው ስለነበር፣ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ተማሪዎችና ጋዜጦች ተችተዋቸዋል። በ2010 ከቦርዱ ወጡ። የድሃ ልጅ ሆኖ ማደግ ከትችት አያድንም፤ ትችቱም ተገቢ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንዲት መርከብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ እኔ የማገኘው መልስ እዚህ ላይ ነው።

ብራውን የተመሠረተው በ1764 ነው። ስሙን ያገኘው ብራውን ከተባሉ ሀብታም የነጋዴ ቤተሰብ ነው። የባሪያ ንግድ እጃቸው ውስጥ እንደነበር በሹክሹክታ ይታወቃል። ደፍሮ የሚጠይቅ ፕሬዚዳንት ግን አልነበረም። የባሪያ ቅድመ አያቶች የነበሯቸው ሴት ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጥያቄው ክብደቱ ሌላ ሆነ። በ2003 የታሪክ ምሁራን፣ መምህራንና ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋሙ። «ሰነዱን አንብቡ፤ የሆነውን ጻፉ» የሚል ሥራ ነው የሰጡት።

ኮሚቴው ሦስት ዓመት ያህል መዛግብት አገላበጠ። ሳሊ የምትባል መርከብ ታሪክ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተበት በዚያው በ1764 ዓመት፣ ብራውን ወንድማማቾች ይህችን መርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ላኳት። ካፒቴኑ 196 አፍሪካውያንን ገዛ። ከእነርሱ ቢያንስ 109ኙ ሞቱ፤ በበሽታ፣ በረሃብ፣ መርከቡ ላይ ተነሥተው ሲዋጉ ተገድለው፣ ራሳቸውን አጥፍተው። ይህ ሁሉ በካፒቴኑ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ቀንና ቁጥር እየተጻፈለት ተቀምጦ ኖሯል። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ሕንፃ ሲሠራም የባሪያ ጉልበት ገብቶበታል። ሪፖርቱ በ2006 ታተመ። ፕሬዚዳንቷ አልደበቁትም፤ ለሕዝብ አወጡት። በ2014 በግቢው ውስጥ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ተራ በተራ የራሳቸውን መዝገብ መክፈት ጀመሩ።

የሒሳብ ባለሙያ ያንን ደብተር ቢያገኘው ትርፍና ኪሳራውን ያሰላ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሰው ግን በመስመሮቹ መካከል ያልተጻፈውን ያነብባል፤ «ይህ ቁጥር ማን ነበር?» ይላል። ሙያው ይኸው ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ያየውን መከራ መንግሥት በኩንታል፣ ረድኤት ድርጅት በሰው ቁጥር መዘገበው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆኑት ፈቃደ አዘዘ ግን ሌላ ነገር ሰበሰቡ። ገበሬዎቹ ስለ ረሃቡ የገጠሙትን፣ ፈጣሪን የተሟገቱበትን፣ ከብታቸውንና ልጆቻቸውን ያለቀሱበትን የቃል ግጥም ከአፋቸው ተቀብለው መዘገቡ። በ1998 (እ.ኤ.አ.) በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፍ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልተሰሙ ድምፆች» ማለት ነው። ማንም ያልጠየቃቸውን ሰዎች «ምን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነበር። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ አያቶቻችን በዚያ ዘመን ምን ብለው እንዳለቀሱ የልጅ ልጆቻቸው የሚያነብቡት አይኖርም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ብዬ «ልጃችሁን ሁሉ ሥነ ጽሑፍ አስተምሩ» ብል አያምርብኝም። ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ተመርቀው ሥራ ፈልገው ያጡ ልጆች አሉ፤ ከምህንድስና ተመርቀው ባጃጅ የሚነዱ እንዳሉት ማለት ነው። ሩት ሲሞንስም ፕሬዚዳንት የሆኑት ግጥም ስላጠኑ ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት በላይ በአነስተኛ ቢሮ ውስጥ የሰው ደብዳቤ እያነበቡ፣ የሰው አቤቱታ እየሰሙ ነው የቆዩት። እኔ የምለው፣ ልጁ መጽሐፍ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ ከምድጃው አጠገብ የሚጠራው ሁሉ «ተነሥና ሥራ ሥራ» ባይለው መልካም ነው። ሥነ ጽሑፍ የደረሰው ልጅ ቤት ሲደውል ደግሞ ዝምታው ትንሽ ቢያጥር። ከሸዋ ሮቢት አቀበቱን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም ከዚያ ራቅ ብሎ የሚሄድ ልጅ በሻንጣው ውስጥ ከስንቁ ጋር ይዞት የሚሄደው የቤተሰቡን ፊት ነው።

ጡረታ ያልያዛቸው

በ2012 ከብራውን ሲሰናበቱ ዕድሜያቸው 67 ገደማ ነበር። ወደ ቴክሳስ ተመለሱ። ሊያርፉ ነው ተባለ። በ2017 ግን ፕሬሪ ቪው የሚባለው የቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሪ አጥቶ ለመናቸው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1876 ለጥቁሮች የተቋቋመ፣ ቀድሞ ባሮች ያረሱት በነበረ የእርሻ ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ከብራውን ጋር በሀብት አይወዳደርም። ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ኮሌጅ የገቡ ናቸው። መጀመሪያ ለጊዜው ብለው ተቀበሉ፤ ከዚያ ቋሚ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2020 ማኬንዚ ስኮት የተባለች ባለጸጋ ለዩኒቨርሲቲው 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች።

አወጣጣቸውም እንደ አገባባቸው በእርጋታ አልነበረም። በ2022 እንደሚለቁ ካስታወቁ በኋላ፣ በቀሩት ወራት ሰው የመቅጠር ሥልጣናቸው እንደሚገደብ ተነገራቸው። ስሙ ብቻ ያለው ፕሬዚዳንት አልሆንም ብለው በ2023 መጀመሪያ ላይ ከቀኑ ቀድመው ወጡ። ያን ጊዜ 77 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው «ልተወው፣ ጥቂት ወር ናት» ይላል። እርሳቸው አላሉም። የሌላ ሰው ሸሚዝ ላይ የቀረችውን ጨምዳዳ መልሰው የሚተኩሱት እናታቸው ትዝ አሉኝ።

በዚያው በ2023 የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። የሚገርመው መጽሐፉ ስለ ብራውን ወይም ስለ ስሚዝ አይደለም። ስለ ልጅነታቸው ነው፤ ስለ ጥጡ፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ መምህራኖቻቸው። ርእሱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር አስቸገረኝ፤ በጥሬው «ላይ ቤት» ማለት ነው። ሂውስተን የገቡት የስተብልፊልድ ልጆች ግሬፕላንድን የሚጠሩት እንዲህ ብለው ነበር፤ «ላይ ቤት እንሂድ»፣ «ላይ ቤት ሳለን»። ሮቢት ሆኖ ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው «ላይ ልወጣ ነው» ሲል የሚሰማ አንባቢ ርእሱን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል።